ስለ በልግ ነፋስና ስለ ዓሣ ማጥመድ

(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)



ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ድረስ በጉለሌ የሚኖር ሰው ነፋስን ለማወቅ መምህር አያስፈልገውም። ጧት ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲሄድ አየሩ ጸጥ ያለ ነው፤ በእንጦጦ ላይ የሚታየው የባሕር ዛፍ ቅጠል እንኳ እምብዛም አይነቃነቅም። ወደ እኩለ ቀን ሲጠጋ ግን በሽሮ ሜዳና በአዲሱ ገበያ መንገድ አቧራው ይነሣል፤ የነጋዴው ሸራ ይርገበገባል፤ መስኮቱን ከፍቶ የሚሠራው ጸሐፊም ወረቀቱን በመዝገብ መጫን ግድ ይሆንበታል። ለእኛ ለጉለሌ ሰዎች የነፋሱ ጉዳት ከዚህ እምብዛም አያልፍም። ወረቀት ቢበተን ይለቀማል፤ ዐይን ውስጥ የገባ አቧራም በውኃ ይታጠባል። በዚያው ወራትና በዚያው ሰዓት በሐይቅ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ግን የሰው ሕይወት እስከ መጠየቅ ይደርሳል። የዛሬው ንግግራችንም ስለዚሁ ነው።

ይህ ጉዳይ የከተማውን ሰው በሁለት መንገድ ይነካዋል። አንደኛው በማዕድ በኩል ነው። ዐቢይ ጾም የሚውለው በነዚሁ በነፋሻዎቹ ወራት ውስጥ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወው። በገበያው የሚታየው ግን ግልጽ ነው፤ በጾም ወራት ዓሣ ፈላጊው ከሌላው ጊዜ ይበዛል፤ ዋጋውም ይወደዳል። እንግዲህ ከተማው «ዓሣ አምጡ» የሚልበትና ሐይቁ «አትውጡ» የሚልበት ወራት አንድ ሆኖ ተገናኝቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው በዕረፍት በኩል ነው። ሳምንቱን ሙሉ በወንበር ላይ የዋለ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ቅዳሜና እሑድን ወደ ዝዋይ፣ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ሐዋሳ ወርዶ፣ ረዘም ያለ ፈቃድ ያገኘ እንደ ሆነም ወደ ባሕር ዳርና ወደ አርባ ምንጭ ዘልቆ፣ ጀልባ ከነጀልበኛው ተከራይቶ መንጠቆ ቢጥል የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም። ነገር ግን ዕረፍቱ የተቈረጠ፣ ገንዘቡ የተቈጠረ፣ ሰዓቱም የተለካ ስለ ሆነ፣ ከተሜው ሐይቁ ዳር ሲደርስ ለመጠበቅ ትዕግሥት ያጣል። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ይህን የምናገረው በራሴ ላይ ከደረሰው ተነሥቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ሁለት ባልደረቦቼ፣ ሦስታችንም የጉለሌ ነዋሪዎች፣ በመጋቢት ወር በአንድ ቅዳሜ ጧት ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ዝዋይ ሐይቅ ወረድን። ስንደርስ ሰዓቱ አራት ተኩል ሆኖ ነበር። ያነጋገርነው ጀልበኛ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። ሐይቁን ሳይሆን በስተኋላችን ያለውን የግራር ዛፍ ጫፍ ለጥቂት ጊዜ ተመለከተና «ልጆቼ፣ ዘግይታችኋል፤ ዛሬ አንወጣም» አለን። ከባልደረቦቼ አንዱ «አባታችን፣ ውኃው እኮ እንደ መስተዋት ጸጥ ብሏል፤ ዋጋውንም እንጨምርልዎታለን» ቢለው፣ ሽማግሌው ፈገግ ብሎ «ገንዘብ ማን ይጠላል? እናንተ የምታዩት መውጫውን ነው፤ እኔ የማስበው መመለሻውን ነው» ሲል መለሰ። እኛም ተቈጥተን ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ያ መስተዋት የመሰለው ውኃ ነጭ ዐረፋ አውጥቶ ዳሩን ይደበድብ ጀመር። በማለዳ ወጥተው የዘገዩ ሁለት አጥማጆች በጀልባቸው የገባውን ውኃ በጣሳ እየቀዱ፣ ልብሳቸው ርሶ፣ ፊታቸው ገርጥቶ በብዙ ድካም ወደ ዳር ሲደርሱ በዐይናችን አየን። ከዚያ በኋላ ከሦስታችን አንድም የተናገረ አልነበረም።

ለመሆኑ ሽማግሌው በጸጥታው ሰዓት ነፋሱን እንዴት ዐወቀው? ነገሩ ምትሐት አይደለም። ሌሊት ምድር ስትቀዘቅዝ በላይዋ ያለው አየር ከብዶ ይረጋል፤ በከፍታ የሚነፍሰው ነፋስም ወደ ታች ሊወርድ አይችልም። ፀሐይ ወጥታ ምድሩን ስታሞቀው ግን በታች ያለው አየር ቀልሎ ወደ ላይ ይነሣል፤ በላይ ያለው ፈጣኑ ነፋስም በፈንታው ወደ ታች ይወርዳል። ከዚህም በቀር የብስ ከውኃ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚሞቅ፣ በቀን ከሐይቁ ወደ የብሱ የሚነፍስ አየር ይፈጠራል። በበልግ ወራት ደግሞ ፀሐይዋ ብርቱ፣ ምድሩም ገና ያልራሰ ስለሆነ ይህ ሁሉ ይበረታል። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ እንደ ዝዋይና እንደ ላንጋኖ ባሉት ሐይቆች ላይ ጧት ጸጥታ፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ሽማግሌው የዛፉን ጫፍ የተመለከተው፣ ነፋሱ ውኃውን ከመንካቱ በፊት ከፍ ያለውን ነገር አስቀድሞ ስለሚያነቃንቅ ነው።

የማዕበሉ ትልቅነት በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ ይኸውም በነፋሱ ፍጥነት፣ ነፋሱ በነፈሰበት ጊዜ ርዝመት፣ እንዲሁም ነፋሱ ያለ ከልካይ በሮጠበት የውኃ ርዝመት ነው። የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ቢጨምር ጀልባውን የሚገፋበት ኀይል በአራት እጥፍ እንደሚጨምር አድማጮቻችን ልብ ይበሉ። የዝዋይ ሐይቅ ርዝመቱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ ከ9 ሜትር እምብዛም አያልፍም። የጣና ሐይቅ ስፋት ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ ወደ 14 ሜትር ብቻ ነው። ብዙ ሰው ውኃው ጥልቅ ካልሆነ የማያሰጋ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ የሚነሣ ማዕበል አጭርና ቀጥ ያለ፣ አንዱም በሌላው ላይ ቶሎ ቶሎ የሚደራረብ ስለሆነ፣ ትንሹ ጀልባ ከአንዱ ሳይወጣ ሁለተኛው ይደርስበታል።

የነፋስን ብርታት በዐይን መለካት ለሚፈልግ ሰው ጥሩ መላ አለ። ቦፎርት የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኀይል መኰንን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1805 ያወጣው መለኪያ ዛሬም ይሠራበታል፤ ይህንንም የጉለሌ ሰው ከሰፈሩ ሳይወጣ ሊለማመደው ይችላል። ነፋሱ ፊትን ዳሰስ የሚያደርግ፣ ቅጠልንም የሚያንሿሿ ብቻ ከሆነ ሁለተኛው ደረጃ ነው፤ ጀልባ ያለ ሥጋት ይሄዳል። ቅጠሉና ቀጫጭኑ ጭራሮ ያለማቋረጥ ሲነቃነቅ ሦስተኛው ነው፤ በውኃው ላይ አልፎ አልፎ ነጭ ዐረፋ ይታያል፤ ትንሽ ጀልባ ከዳር መራቅ አይገባውም። በሽሮ ሜዳ እንደምናየው አቧራና ብጫቂ ወረቀት ሲነሣ፣ አነስተኛ ቅርንጫፍም ሲወዛወዝ አራተኛው ነው፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ያን ጊዜ ትንሽ ጀልባ ወደ ቤቱ መግባት አለበት። ትንንሹ ዛፍ በሙሉ መወዛወዝ ከጀመረ አምስተኛው ነው፤ ስለ ዓሣ ማሰብም ይቀራል።

አሁን ደግሞ ወደ ዓሣው እንመለስ። ነፋስ ለዓሣ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። በሐይቁ ላይ ሲነፍስ የላዩን ውኃ ወደ ወዲያኛው ዳር ይገፋዋል፤ ከውኃውም ጋራ በላዩ የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ ደቃቅ ተክል ሰብስቦ ይወስደዋል። ቆሮሶ የምንለው ዓሣ ይህን ተክል የሚመገብ ስለሆነ ምግቡን ተከትሎ ወደዚያው ይሄዳል። ማዕበሉ ዳሩን ሲመታ ከጭቃው ውስጥ ትልና ነፍሳት ይወጣሉ፤ ይህም ለሌሎች ዓሦች ማዕድ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ዓሣው የሚገኘው ነፋስ በሚመታው ዳር ሲሆን፣ ጀልባው የሚድነው ግን ነፋስ በማይመታው ዳር ነው። የአጥማጁ ፈተና ሁሉ በዚህ በአንድ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው።

የውኃው መደፍረስም ዓሦቹን ይለያያቸዋል። ሌላ ዓሣ እያሳደደ በዐይኑ የሚያድን ዓሣ፣ እንደ ጣናው ነጭ ዓሣ አንዳንዱ ዓይነት፣ ውኃው ሲደፈርስ ይቸገራል። አምባዛ ግን በአፉ ዙሪያ ባሉት ረዣዥም ጢሞች እየዳሰሰና እያሸተተ ስለሚፈልግ፣ ድፍርሱ ውኃ አያግደውም። ስለዚህ ልምድ ያለው ጀልበኛ በነፋስ ቀን እንግዳውን ወደ ሐይቁ መካከል አይወስደውም። ወይ በደሴት ጀርባ፣ ወይም ሐይቁ ወደ የብስ በገባበት እቅፍ፣ ፊላና ደንገል ነፋሱን በሚከላከሉበት ስፍራ ጀልባውን ያቆማል። ከዚያም ድፍርሱ ውኃና ጥሩው ውኃ የሚገናኙበትን መሥመር ፈልጎ መንጠቆውን በዚያ ያስጥለዋል፤ አዳኙ ዓሣ በጥሩው ውኃ ቆሞ ከድፍርሱ የሚወጣውን ይጠብቃልና። በዝዋይ ቱሉ ጉዶና ሌሎቹ ደሴቶች፣ በጣናም በደቡብ በኩል ያለው የባሕር ዳር ባሕረ ሰላጤ እንዲህ ያለ ጥግ የሚገኝባቸው ስፍራዎች ናቸው። የሆነ ሆኖ ባሕረ ሰላጤው ራሱ ነፋሱ ከሰሜን በመጣ ጊዜ በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ ቤት ነው፤ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉት አጥማጆች የነፋሱን አቅጣጫ ሳያዩ ከዳር የማይርቁት ስለዚህ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ነፋስ የማይመታው፣ ፊላ የበዛበት ጸጥተኛ እቅፍ ለጀልባ እንደሚመች ሁሉ ለጉማሬም ይመቻል። በዝዋይም በጣናም ጉማሬ አለ። የት እንደሚውልና በየትኛው መንገድ ወደ ሣር እንደሚወጣ የሚያውቀው በዚያ ያደገ ሰው ብቻ ነው። እንግዳ ሰው ከነፋስ እሸሻለሁ ብሎ ብቻውን ወደ እቅፉ ቢገባ ከአንዱ አደጋ ወደ ሌላው ተሻገረ እንጂ አልዳነም። መሪ የሚያስፈልግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሐይቅ የሚያስፈራው ሰው ደግሞ ወደ ባሌ ተራሮች ሊሄድ ይችላል። በዲንሾ አካባቢ በሚወርዱት በወይብ፣ በዳንካና በሻያ ወንዞች ውስጥ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። ትራውት ቀዝቃዛና ወራጅ ውኃን ይወዳል፤ ፊቱንም ወደ ውኃው መምጫ አዙሮ ይቆማል። በዚያ ነፋስ ጀልባ አይገለብጥም፤ እንዲያውም ከዳር ካለው ሣር ላይ ነፍሳትን አራግፎ ወደ ውኃ ስለሚጥል አጥማጁን ይረዳዋል። አጥማጁ ግን ክሩን በረዥሙ መወርወር ስለማይሆንለት፣ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብሎ እየሄደ ከዓሣው በስተኋላ መቅረብ ይገባዋል።

ነገራችን በሌላው ዓለም ምን እንደሚመስል ማየትም ይጠቅማል። በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ጠረፍ ብዙ ጥልቀት የሌላቸው የባሕር ወሽመጦች አሉ፤ ከነዚህም ላጉና ማድሬ የተባለው ጥልቀቱ በአማካይ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እኛ መጋቢትና ሚያዝያ በምንለው ወራት በዚያ አገር ከደቡብ ምሥራቅ ብርቱ ነፋስ ይነፍሳል። የአገሩ ሰዎች የሚያጠምዱት ሁለት ዓሣ ነው፤ አንዱን ቀይ ዓሣ፣ ሌላውን ነጠብጣብ ትራውት ይሉታል። ስሙ ትራውት ይባል እንጂ የባሌው ዓሣ ዘመድ አይደለም፤ የቀዩ ዓሣ የሥጋ ዘመድ ነው። ቀዩ ዓሣ በጭቃ ውስጥ አፍንጫውን ነክሮ ስለሚፈልግ ድፍርስ ውኃ አያሸሸውም፤ ነጠብጣቡ ግን ባብዛኛው በዐይኑ ስለሚያድን ጥሩውን ውኃ ይመርጣል። ስለዚህ የዚያ አገር መሪዎች የሚያደርጉት የኛ ጀልበኞች ከሚያደርጉት እምብዛም አይለይም፤ በማለዳ ይወጣሉ፣ ከነፋስ በሚከልል ጥግ ይቆማሉ፣ የድፍርሱንና የጥሩውን ውኃ ድንበር ይፈልጋሉ። ልዩነቱ በሌላ በኩል ነው። በዚያ ገንዘብ ተቀብሎ እንግዳ በባሕር ጀልባ የሚያወጣ ሰው ተፈትኖ የመቶ አለቃ ሳይሆን የጀልባ አለቃነት ፈቃድ መያዝ አለበት፤ በጀልባው ላይ ስላሉት ነፍሶችም ኀላፊው እርሱ ነው። ስለዚህ «ዛሬ አንወጣም» ቢል ቃሉ እንደ ባለሥልጣን ቃል ይከበራል።

በኛ አገር ግን የጀልበኛው ቃል የሚከበረው እኛ ስናከብረው ብቻ ነው። እስቲ ነገሩን በሚዛን እንየው። እኛ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ዝናብ ቢዘንብ፣ ነፋስ ቢነፍስ ደመወዛችን በወሩ መጨረሻ ይመጣል። ጀልበኛው ግን እምቢ ባለበት ቀን ምንም አያገኝም። ያም ሽማግሌ በዚያ ቅዳሜ እኛን ከአደጋ ሲያድን የቀኑን እንጀራ አጥቷል። እኛም አመስግነነው በመኪናችን ተመለስን እንጂ አንዲት ብር አልሰጠነውም። ይህን ያስተዋልሁት ሞጆን አልፈን ወደ ቢሾፍቱ ስንቃረብ ነበር፤ ነገር ግን ዘግይቶ ነበር። ብዙ ጀልበኛ በልቡ ነፋሱን እያወቀ «እሺ፣ እንውጣ» የሚለው ባለማወቅ ሳይሆን፣ እምቢ ማለት የሚያስርበው ስለሆነ ነው። ስለዚህ ጀልባ ስንከራይ የምንከፍለው ለዓሣው ወይም ለነዳጁ ብቻ አይደለም፤ ለሰውየው ፍርድ ነው። ፍርዱ «አትውጡ» ቢሆንም ዋጋ አለው፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚበልጠው ዋጋ ያለው ያን ቀን ነው።

ከዚህ በኋላ በበልግ ወራት ወደ ሐይቅ ለሚወርድ ሰው የሚጠቅመውን ባጭሩ ልናገር። ከመውጣቱ በፊት በነበረው ማታ እዚያው ይደር፤ ጀልበኛውንም ያን ማታ ያነጋግር፤ ነፋስ ቢከለክላቸው የሚከፍለውን አስቀድሞ ይስማማ። ጎሕ ሲቀድ ይውጣ፤ ከአራት ሰዓት በፊት ወደ ዳር ይመለስ። ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት ማዳኛ ጃኬት መኖሩን በዐይኑ አይቶ፣ ከወንበር ሥር ሳያስቀምጥ በሰውነቱ ላይ ይልበሰው። ጀልባዋ ከምትችለው በላይ ሰው አይጫን። በጀልባ ውስጥ ቆሞ መንጠቆ አይወርውር። ማዕበል ቢነሣ ወንበሩን ለቆ ከታች ይቀመጥ እንጂ ወደ አንድ ወገን አያጋድል፤ ጀልበኛውም የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ አዙሮ ሲቀዝፍ «በአቋራጭ እንሂድ» ብሎ አይጨቅጭቀው፤ ጎኗን ለማዕበል የሰጠች ጀልባ ትገለበጣለችና። ሞተሩ ቢቆም መልሕቅ ከጀልባዋ አፍንጫ በኩል ይጣል። ጀልባዋ ብትገለበጥ ዳሩ ቅርብ መስሎ ቢታይ እንኳ ዋናን ሳይደፍሩ ጀልባዋን ይዞ መቈየት ይሻላል። ትንንሹንም ዓሣ፣ በአፏ ውስጥ ዕንቁላሏን ይዛ የተገኘችውንም ቆሮሶ መልሶ ወደ ውኃው መልቀቅ ለነገ ማሰብ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315 ሀብቱ እየተጠበቀ እንዲሠራበት የታወጀ እንደ መሆኑ መጠን፣ በየስፍራው ያለውን ደንብ ከአካባቢው ግብርና ቢሮ ጠይቆ ማወቅም የእንግዳው ግዴታ ነው።

ከቤት ወጥቶ የማያጠምደው፣ ዓሣን በማዕዱ ላይ ብቻ የሚያውቀው የጉለሌ ነዋሪም ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት አለ። በጾም ወራት በገበያ ዓሣ ባጣ ጊዜ ወይም ዋጋው በተወደደበት ጊዜ ነጋዴውን ከመውቀሱ በፊት ወደ እንጦጦ ቀና ብሎ ባሕር ዛፉን ይመልከት። ጫፉ ጐንበስ ቀና የሚል ከሆነ፣ በዚያው ሰዓት በሐይቁ ዳር አንድ ሰው ጀልባውን አስሮ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ሲሄድ ይታየው። ያ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ ነገ ዓሣ ሊያመጣልን ዛሬ ነፍሱን ያቈየ ሰው ነው።

እኔና ባልደረቦቼ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር ወደ ዝዋይ ተመልሰን ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን ዓርብ ማታ ደረስን። ሽማግሌውን አግኝተን የዐምናውን ቀን ዋጋ አስቀድመን በእጁ ሰጠነው። መጀመሪያ አልቀበልም አለ፤ «የዐምናውን ቀን እኮ አልሠራሁበትም» አለን። «አባታችን፣ እርስዎ ከሠሩባቸው ቀኖች ሁሉ ለኛ የሚበልጠው ያ ቀን ነው» አልነው። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ወጥተን፣ ከደሴቱ ጀርባ አራት ቆሮሶና አንድ አምባዛ ይዘን፣ ነፋሱ ሳይነሣ ወደ ዳር ተመለስን።